የአቧራ ፊልተርና የሠራተኛ ሳንባ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የወርቅ ቤት ሚዛን ያላቸው አንባቢ የአቧራ ፊልተር፣ ማለትም ሠራተኛው የሚተነፍሰውን አቧራ ለመለካት በትንሽ ፓምፕ አየር የሚሳብበትና ከሥራ በፊትና በኋላ የሚመዘነው ማጣሪያ፣ ይመዘንበት እንደሆነ ጠይቀዋል።

አይመዘንበትም። የወርቅ ሚዛን ብዙውን ጊዜ ከ10 ሚሊግራም በታች አይለይም፤ እዚህ የሚፈለገው የሚሊግራም አንድ ሺኛን የሚለይ ነው።

አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ የሚጽፉት ሌላ ነው። የመጋዘን ሠራተኛ አንገትጌ ላይ ስምንት ሰዓት የዋለ ፊልተር ሲመለስ ከመሄዱ በፊት ከነበረው ቀለለ። አለቃቸው «ዜሮ ብለሽ መዝግቢው» አሏቸው።

እህቴ፣ ዜሮ ብለው እንዳይጽፉ! ፓምፑ በደቂቃ 2 ሊትር ቢስብ በስምንት ሰዓት የሚያልፈው አየር አንድ ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም። በሜትር ኩብ 0.2 ሚሊግራም አቧራ ቢኖር ፊልተሩ ላይ የሚያርፈው 0.19 ሚሊግራም ያህል ነው፤ አንዲት የጤፍ ፍሬ ከዚህ ትከብዳለች። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ሲመዘን ሌላው ሁሉ ይገባበታል። ከሴሉሎስ የተሠራ ፊልተር እርጥበት ይጠጣል፤ በክረምት ዝናብ ተመዝኖ ወጥቶ ፀሐይ በወጣበት ቀን ከተመዘነ መቅለሉ አይገርምም። ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራውን እርጥበት ብዙም አይነካውም፣ ነገር ግን ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይይዝና የሚዛኑን ንባብ ያዛባል። ፊልተሩ ከካሴቱ (ከመያዣው) ሲወጣም ጠርዙ እዚያው ተላጦ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ፊልተሮቹ ከመጀመሪያውም ከመጨረሻውም ሚዛን በፊት እዚያው ሚዛን ክፍል ውስጥ ይደሩ፣ በወረንጦ ብቻ ይያዙ፣ ስታቲኩ ይወገድላቸው። ከሁሉ በላይ ባዶ ፊልተር ይላኩ፦ ሥራ ቦታ ደርሶ የሚመለስ፣ አየር ግን ያልተሳበበት፣ ቢያንስ ሁለት። እነርሱም ከቀለሉ ያው ልዩነት ከሁሉም ላይ ይታረማል። ከዚያ በኋላ ውጤቱ ከመለኪያው አቅም በታች ከሆነ «ከመለኪያው አቅም በታች» ተብሎ ይጻፍ፣ አቅሙም በቁጥር ይገለጽ። ዜሮ ማለት አቧራ የለም ማለት ነው፤ ያንን ማንም አልለካም፣ ሠራተኛው ግን አምኖ ጭምብሉን ያወልቃል።

ውጭ አገር ተስተካክሎ የመጣ ፓምፕ አዲስ አበባ ላይ እንደገና ይስተካከላል ወይ ለሚሉት፦ የግድ ነው። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፊልተሩ እንደተገጠመ ከሥራ በፊትም በኋላም ፍሰቱን ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ5 በመቶ ካለፈ ናሙናውን ይጣሉት።

የክር ፋብሪካ ሠራተኛ የሆኑ አንባቢ ደግሞ ባለሙያዎች መጥተው ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ለክተው «ከገደብ በታች ነው» ብለው መሄዳቸውን ነግረውናል። እርሳቸው ግን ከእሑድ ዕረፍት ሲመለሱ ሰኞ ሰኞ ደረታቸው ይጨንቃቸዋል፣ ሳምንቱ ሲገፋ ይሻላቸዋል።

ወንድሜ፣ የአንድ ሰዓት ልኬት የሙሉ ፈረቃን አይናገርም፤ በተለይ የጥጥ ማላቀቂያና የካርዲንግ (ጥጡ የሚበጠርባቸው) ክፍሎች አቧራ ከሌላው ይብሳል። ሚዛን የሚነግረን ምን ያህል እንደሆነ እንጂ ምን እንደሆነ አይደለም። የጥጥ አቧራ ጉዳት በአብዛኛው አቧራው ላይ ካሉ ባክቴሪያዎች ከሚወጣ መርዝ ጋር የተያያዘ ነው፤ ያ ደግሞ በሚዛን አይታይም። የነገሩን ምልክት የቢሲኖሲስ፣ ማለትም የጥጥ አቧራ የሚያመጣው የሳንባ በሽታ፣ የታወቀ መልክ ነው። መጀመሪያ ላይ ከአቧራው ሲርቁ ሳንባው ወደ ጤናው ይመለሳል፣ ለዓመታት ከቆዩበት ግን ሳንባው ላይ ቋሚ ጉዳት ይተዋል። ስለዚህ የመለኪያውን ሪፖርት አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ጥጥ ፋብሪካ እንደሚሠሩ፣ የሚብስዎትም ሰኞ እንደሆነ ሳይጠየቁ ይንገሩ። የሳንባ ምርመራው ሰኞ ከሥራ በፊትና በኋላ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ፤ ሌላ ቀን ከተደረገ ጤነኛ ሊመስሉ ይችላሉ። የሚያስሉና የሚጨነቁ ባልደረቦች ካሉ አብረው ይሂዱ።

በመጨረሻ፣ ፊልተሩ ስለጠቆረ አየሩ መርዛም ነው ወይ? ጥቁረቱ ብዙውን ጊዜ ጥላሸት ነው፣ እርሱም አይናቅም። ድንጋይ ሲፈለጥ የሚወጣው የሲሊካ አቧራ ግን ፊልተሩን ሳያጠቁር ሳንባ ይገድላል፤ መጠኑም በሚዛን ብቻ ሳይሆን ፊልተሩ ራሱ (የሠራተኛው ደረት ሳይሆን) በኤክስሬይ ሲመረመር ነው የሚታወቀው። ናሙናውን ይህን ምርመራ ወደሚያደርግ ላቦራቶሪ ይላኩ።