ቶንሲል ከወጣ በኋላ «ደሙ ቆሟል» ብለሽ እንዳትተኚ

እህቴ፣ «ልጄ ቶንሲሉ ከወጣ 6ኛ ቀኑ ነው፤ ማታ ደም ተፋ፤ አሁን ቆሟል፤ እስኪነጋ ልጠብቅ?» ብለሻል። አትጠብቂ። ልጁን ይዘሽ አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ውጪ፣ ይሄን መንገድ ላይ ታነቢዋለሽ።

1. ቆመ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ቁስሉ ላይ ያለው ነጭ ቅርፊት የሚላቀቅበት ጊዜ ነው። ነጩም የአፍ ጠረኑም ያለ ነው። ደም ከታየ ግን፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል። የኔዋ በ7ኛው ቀን ማታ ትንሽ ተፋች። ቀዝቃዛ ውሃ አጉመጠመጥኳት፣ ቆመ፣ እኔም በራሴ ኮርቼ ተኛሁ። ሌሊት የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር አስመለሰች። ለካ ተኝታ ስትውጠው ነበር! ቶሎ ቶሎ ስትውጥ ሰምቻለሁ እኮ፣ ጉሮሮዋ ደርቆ መስሎኝ።

2. ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ያጎንብስ። ደሙን ይትፋው፣ አይዋጠው። በጀርባው አታስተኚው። ምንም አታብዪው፣ አታጠጪው፣ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላል። እኔ ሞኟ ሆዷ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ወተት ሰጠኋት። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ «መቼ ነው የጠጣችው?» ሲለኝ አንገቴን ደፋሁ። ደም የሞላው ሆድ ላይ ወተት ጨምሬ፣ አስመልሷት ወደ ሳንባዋ እንዳይገባ ሲጨነቁ አየሁ።

3. እዚያ ስትደርሺ መጀመሪያ ይሄን በይ፦ «ቶንሲል ወጥቶለት 6ኛ ቀኑ ነው፣ ደም ተፍቷል።» እኔ ዝም ብዬ ተሰለፍኩ። መዝጋቢዋ ቀና እንኳ ሳትል «አሁን እየደማች አይደለም፣ ተራሽን ጠብቂ» አለችኝ። ጩኸት አልወድም፣ ያን ሌሊት ግን ጮህኩ፣ አላፍርበትምም። አንዲት ነርስ ሰምታ መጣች፣ የልጅቷን መገርጣት አይታ የልብ ምቷን ለካች፣ ወዲያው ይዛን ገባች። ከዚያ በኋላ እንኳን ፈጣኖች ነበሩ። በደም ሥሯ ፈሳሽና ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ደም ማቆሚያ ሰጧት፣ የደም ዓይነቷን መረመሩ፣ ኦፕሬሽን ክፍል አስገብተው የረጋውን ደም ጠርገው የሚደማውን ቦታ ተኩሰው ዘጉት። ደም መውሰድ አላስፈለጋትም።

አስፕሪን ቤት ካለ አትንኪው፣ ደም ያቀጥናል፣ ለልጅ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ይዘሽ ሂጂ።

ወጥተሻል አይደል? ስትደርሺ አንድ ቃል ጻፊልኝ።