ዘይቱ ለምን አልደርቅ አለ? የጊታር እንጨት ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከግማሽ በላይ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ቀባሁት፣ አልደርቅ አለኝ። ከእሱ እንጀምር።

«የጊታሬን አንገት የፋብሪካ ቫርኒሽ ፍቄ ካነሳሁ በኋላ ወጥ ቤት ያገኘሁትን ዘይት ቀባሁት። ሁለት ሳምንት ሆነው። አሁንም እጄ ላይ ይጣበቃል።» (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ወጥ ቤት ያለው የፓልም ዘይት ከሆነ ሁለት ዓመትም ብትጠብቀው አይደርቅም። ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደለም የሚደርቀው። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ፣ እርስ በርሱ እየተያያዘ ነው ወደ ጠጣርነት የሚለወጠው። ይህን የሚችሉት የተወሰኑ ዘይቶች ናቸው። ከእኛ አገር ተልባ አንደኛ ነው። ከቻይና የመጣው የተንግ ዘይትም እንዲሁ። ኑግ መሃል ላይ ነው፤ ይደርቃል፣ ግን እያመነታ። ፓልምና የወይራ ዘይት ተዋቸው። ቆይተው ይሸታሉ እንጂ አይጠጥሩም።

ተልባም ቢሆን ዓይነት አለው። ለምግብ የተጨመቀው ጥሬ ተልባ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጅበታል። ለእንጨት የሚሆነው ጣሳው ላይ «ቦይልድ ሊንሲድ ኦይል» የሚል የተጻፈበት ነው። የሚፈጥነው እንደ ኮባልትና ማንጋኒዝ ያለ የብረት ማድረቂያ ስለተጨመረበት ነው። ስለዚህ ጥሬውን ቤት ውስጥ አፍልቼ እሱን አገኛለሁ ብለህ እንዳታስብ። ዘይቱም እሱን አይሆንም፣ ቤቱንም ታቃጥላለህ። ማድረቂያ የገባበትን ደግሞ ማንም እንዳይቀምሰው።

አሁን የያዝከውን ለማስተካከል አንገቱን ቲነር በነካ ጨርቅ ደጋግመህ ጥረገው። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ጥቂት ቀን ይናፈስ። ከዚያ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ320 (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል)፣ የእንጨቱን መስመር ተከትለህ እሸው። የተልባ ዘይቱን በስሱ ቀባና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቅ። እንጨቱ ያልጠጣውን በሙሉ በደረቅ ጨርቅ ጥረግ። በሙሉ ስል በሙሉ ነው። ላዩ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ከቀረ፣ ነገ እጅህን የሚይዝህ እሱ ነው። ቢያንስ አንድ ቀን ከሌሊት አሳድረህ ድገመው። ለአንገት ሦስት ወይም አራት ዙር ይበቃል።

«እኔ ደሴ፣ ጓደኛዬ ኮምቦልቻ ነን። አንድ ጣሳ ዘይት ተካፍለን ቀባን። የእሱ ደረቀ፣ የእኔ ገና ነው። ምን ቀላቅሎ ሰጥቶኝ ነው?» (ከደሴ፣ ሆጤ)

ኧረ ጓደኛህን ተወው፤ ጥፋቱ የአየሩ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,900 ብዙም አትርቅም። ዘይት ሙቀትና የሚንቀሳቀስ አየር ይወዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ አንተም በርህን ዘግተህ ከቀባህ፣ ቢዘገይ ምን ይደንቃል? ከቻልክ ሥራውን ወደ ጥቅምትና ኅዳር አስተላልፈው። ካልቻልክ በዙሮቹ መካከል ሁለት ሦስት ቀን ጨምር፣ መስኮቱንም ገርበብ አድርግ። ከሰል ምድጃ አጠገብ ግን እንዳታስቀምጠው። አንገቱ ይጣመምብሃል።

«አንገቱ ሜፕል የሚባለው እንጨት ነው፤ በጣም ነጣብኝ። የማር መልክ እንዲኖረው ቀለሙን ከዘይቱ በፊት ነው የምቀባው ወይስ በኋላ?» (ከኮምቦልቻ)

በፊት ነው። ዘይቱ ከደረቀ በኋላ እንጨቱ ቀለም አይጠጣም፤ ላዩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። በውሃ የሚሟሟ ቀለም ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እንጨቱን በንጹሕ ውሃ አርጥበህ አድርቀው። የእንጨቱ ቃጫ ይነሳል። በ320 በቀላሉ እሸውና ከዚያ ቀለሙን ቀባ። ይህን ከዘለልክ አንገቱ ሸካራ ይሆናል። ከ320 በላይም አታልስለው፤ በጣም የለሰለሰ እንጨት ቀለም አይስብም። ሙጫ የነካው ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ስለሚቀር ቀድመህ ፋቀው።

የእኔን ምርጫ ከጠየቅኸኝ ግን ለማር መልክ ቀለም ባልገዛሁ ነበር። የተልባ ዘይት ራሱ ቢጫ ያደርጋል፤ ዓመት በጨመረ ቁጥርም ይጠቁራል። ከተራረፈ ቁራጭ እንጨት ላይ ዘይቱን ብቻ ሞክረህ እየው። ካነሰህ የሠዓሊ የዘይት ቀለም ከቱቦው ጥቂት ወስደህ ከዘይቱ ጋር በጥብጥ። ቡናማው ጥሩ ነው። ያ ከተልባ ዘይት የተሠራ ስለሆነ ከዘይትህ ጋር አይጣላም።

«ፍሬትቦርዱን፣ ጣት የሚያርፍበትን የአንገቱን ፊት፣ እንደ ኢቦኒ እንጨት ጥቁር ማድረግ እፈልጋለሁ። ቀለም መግዛት የግድ ነው?» (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ አናጺ)

አይደለም። የዛገ ምስማር አቼቶ ውስጥ ጥቂት ቀን ዘፍዝፍ። ክዳኑን አታጥብቀው፤ ጋዝ ይወጣል። ውሃውን በጨርቅ አጥልለው። ፍሬትቦርዱን መጀመሪያ በጣም በወፈረ ሻይ ቀባና አድርቅ፤ ቀጥሎ የምስማሩን ውሃ። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ዓይንህ እያየ ይጠቁራል። ዕቃ ማጠቢያ የማይዝግ ሽቦ እንዳትጠቀም፤ በአቼቶ በቀላሉ አይሟሟም። ፍሬቶቹ፣ ማለትም አግድም የሚገቡት የብረት ዘንጎች፣ ከመገጠማቸው በፊት ብትሠራው ይሻላል፤ አለዚያ በፕላስተር ሸፍናቸው። በደንብ ሲደርቅ ስስ ዘይት።

«የጫማ ቀለምስ? እህቴ ደግሞ እንሶስላ ሞክር ትለኛለች።» (ከኮምቦልቻ)

የጫማ ቀለሙን ለሊስትሮው ተወው። ሰም አለው፤ በላዩ የምትቀባው ዘይት አይዝም፣ ሸሚዝህንም ያቆሽሻል። እንሶስላ ቆዳ ላይ የሚደምቀው ከቆዳው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ነው። እንጨት ላይ ያ የለም። እህትህ እጇ ላይ ታድርገው፤ ያምርባታል።

«ልጄ ጊታር እየቀባ ዘይት የነካውን ጨርቅ አልጋ ሥር ይከምራል። ሽታው አስጨነቀኝ። ጉዳት ይኖረው ይሆን?» (እናት፣ ከደሴ)

ሽታው አይደለም ችግሩ። እባክዎ ይህን መልስ እንዳነበቡ ጨርቁን ከቤት ያውጡት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ከተዘረጋ ሙቀቱ ወደ አየር ይሄዳል። ከተከመረ ወይም ከተጨማደደ ግን መሃሉ ላይ ይጠራቀምና፣ ክብሪት ሳይጫር፣ በሰዓታት ውስጥ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ ማለት ነው። ብዙ የእንጨት ቤት እንዲህ ተቃጥሏል።

ልጅዎ እያንዳንዱን ጨርቅ ውጭ፣ አንድ በአንድ፣ ሳይደራርብ ያስጣው። ደርቆ ድርቅ ሲል መጣል ይቻላል። ዝናብ ከሆነ ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ነክሮ ክዳኑን ይግጠም። ይህን የማያደርግ ከሆነ ዘይቱን ይቀሙት፤ እኔ ነኝ ያልኩት ይበሉት።

«የአኩስቲክ ጊታሬን ፊትና የአባቴን ክራር ዘይት ልቀባቸው?» (ከደሴ፣ ፒያሳ)

የጊታሩን ፊት አትንካው። ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ስስ እንጨት ዘይት ከጠጣ ይከብዳል፣ ንዝረቱም ይታፈናል። የክራሩን ምሰሶዎችና የእንጨት ገበታ፣ ዋንዛም ይሁን ሌላ፣ በስሱ ብትቀባ ያምራሉ። ክሩ የሚታሰርበትን ላይኛውን አግዳሚ ግን ዝለለው፤ ከለሰለሰ ክሩ ይንሸራተትና ባቲ ቃኝተህ ሳትጨርስ ይረግብብሃል። ቆዳው ላይም ጠብታ እንዳይደርስ በወረቀት ሸፍነው።