በሳይበርትራክ የሳቁት ምን አዩ? ምንስ አመለጣቸው?

ጥያቄ፦ ቴስላ በኅዳር 2012 ዓ.ም. አዲሱን የኤሌክትሪክ ፒክአፕ፣ ሳይበርትራክን፣ ሲያሳይ ከባለቤቴ ወንድም ጋር ቁጭ ብለን በቀጥታ ስርጭት አይተናል። እርሱ «ሕፃን በማስመሪያ የሣለው መኪና ነው» እያለ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ እኔ ግን በዚያው ሌሊት 100 ዶላር ቀብድ ከፈልኩ። ኋላ ላይ ቀብዴን አስመልሼ ሌላ መኪና ብገዛም በተገናኘን ቁጥር ማን ልክ እንደነበር እንከራከራለን። እባክዎ ይዳኙን። (አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ከዚያ ምሽት በአብዛኛው ሰው አእምሮ የቀረው የተሰነጠቀው መስታወት ስለሆነ፣ ከፍርዱ በፊት የሆነውን በቅደም ተከተል ላስታውሳችሁ። ኅዳር 11 ቀን (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 2019) በሎስ አንጀለስ አጠገብ በምትገኘው ሆውቶርን ከተማ፣ የኩባንያው ዋና ዲዛይነር ፍራንዝ ቮን ሆልዝሃውዘን የመኪናውን በር በትልቅ መዶሻ መታው፤ በሩም አልጎደጎደም። ቀጥሎ የመስታወቱን ጥንካሬ ለማሳየት የብረት አሎሎ አንሥቶ በፊተኛው በር መስታወት ላይ ወረወረ፤ መስታወቱ ተሰነጠቀ። የኋላውንም ሞከረ፤ ያም ተሰነጠቀ። የቴስላ ኃላፊ ኢሎን መስክ የቀረውን ገለጻ ያካሄደው ሁለት የተሰነጠቁ መስታወቶች ከጀርባው እየታዩ ነው። በኋላ የሰጠው ማብራሪያ እንደሚለው በሩ በመዶሻ ሲመታ የመስታወቱ ሥር አስቀድሞ ተሰንጥቆ ስለነበር፣ አሎሎው መወርወር የነበረበት ከመዶሻው በፊት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በኦስቲን፣ ቴክሳስ ለገዢዎች ሲተላለፉ ያው ዲዛይነር ያንኑ ሙከራ ደገመው፤ የያዘው ግን ቤዝቦል፣ ማለትም ከብረት አሎሎ የቀለለ የጨዋታ ኳስ ነበር።

ከ2012ቱ ምሽት በማግስቱ የኩባንያው አክሲዮን ዋጋ 6 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ መስክ 250,000 ያህል ሰው ቀብድ መክፈሉን አስታወቀ። ባለአክሲዮኑ ሲሸሽ ባለቀብዱ ጎረፈ ማለት ነው። እኔ ሁለቱንም ምልክቶች አብዝቼ አልመዝናቸውም፤ በተለይ በተጠየቀ ጊዜ የሚመለስ 100 ዶላር የገዢን ቁርጠኝነት ሳይሆን የማወቅ ጉጉቱን የሚለካ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መስክ ቀብድ የከፈሉት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ተናግሮ ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 2025 መጀመሪያ ተሠርተው ኩባንያው ለማስተካከያ የጠራቸው መኪኖች ግን 46,096 ናቸው።

በዚያ ምሽት ሁሉም ስለ ቅርጹ ሲያወራ ከመድረኩ ስለተነገሩት ቁጥሮች የጠየቀ ጥቂት ሰው ነበር። መነሻ ዋጋው 39,900 ዶላር እንደሚሆን ተነገረ፤ ባለ ሦስት ሞተሩ ደግሞ በ69,900 ዶላር አንዴ ተሞልቶ ከ500 ማይል በላይ እንደሚሄድ ቃል ተገባ። መኪናው ሲወጣ ወዲያውኑ ሊረከቡት ከሚችሉት ርካሹ 79,990 ዶላር ሆነ፤ ባለ ሦስት ሞተሩ 99,990 ዶላር ደረሰ፤ የሚሄደውም 320 ማይል እንደሆነ ተነገረ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የሁሉም መኪና ዋጋ መናሩ እውነት ነው፤ ሆኖም ዋጋው ሲጨምር የጉዞው ርቀት ከሦስት እጅ አንዱን ያህል ማነሱን የኑሮ ውድነት አያስረዳውም። ሳይበርትራክ የፎርድን ኤፍ-150 ፒክአፕ ወደ ዳገት ሲጎትት የሚያሳየው ቪዲዮም ብዙ ተመልካች አፍርቷል፤ ተጎታቹ በአራቱም ሳይሆን በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ብቻ የሚነዳ እንደነበር ግን ብዙው ሰው ልብ አላለም።

ስለዚህ አማችዎ የሳቁት በቂ ምክንያት ባለው ነገር ላይ ነው፤ ምክንያቱንም በሚቀጥለው መልስ ያገኙታል። እርስዎም ቅርጹን በመቀበልዎ አልተሳሳቱም፤ ዋጋውን በማመንዎ ግን ተሳስተዋል። ቀብድዎን በማስመለስዎ ደግሞ ከሁለታችሁም የተሻለ የፈረዱት የኋለኛው እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ በቦዲ ሥራ ለረዥም ጊዜ ሠርቻለሁ። የዚህን መኪና ፎቶግራፍ ሳይ ላሜራውን ቅርጽ ሳያወጡለት አጥፈው የገጠሙት ይመስለኛል። ቢጋጭ እንዴት ይጠገናል? ወደ እኛስ ይመጣ ይሆን?

መልስ፦ ዓይንዎ ትክክለኛውን ነገር አይቷል። በዚህ ዓምድ ስለ ሳይበርትራክ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ የእርስዎን የወደድኩት መኪናውን ከላሜራው በኩል ስለጀመረው ነው።

የተለመደው መኪና አካል አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ለስላሳ ላሜራ ይሠራል። ላሜራው በትልቅ ፕሬስ ተጨምቆ ጉብታና ጎድጓዳ የሚወጣለት ለውበት ብቻ እንዳልሆነ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ የጣሪያ ቆርቆሮ ሞገድ የሚወጣለትም ስስና ዝርግ ብረት በነፋስ እንዳይርገበገብ ነው። የሳይበርትራክ አካል ግን ከአይዝጌ ብረት የተሠራ ነው፤ መስክ ራሱ እንዳስረዳው ብረቱ እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ፕሬሱን ይሰብረዋል። ጉብታ ሊወጣለት የማይችል ብረት ያለው ዕድል በቀጥታ መስመር መታጠፍ ነው፤ ያውም ሲለቁት ወደ ነበረበት ልመለስ እያለ። ሕፃን በማስመሪያ የሣለው የሚመስለው ጠርዝ የመጣው ከዚህ ነው፤ ብረቱ ከተመረጠ በኋላ ለዲዛይነሩ የቀረለት ምርጫ ጥቂት ነበር።

ይህ ምርጫ ጥቅም አለው። ቀለም የለም፤ ስለዚህ ከመኪና ፋብሪካ ወጪዎች አንዱ የሆነው የቀለም ክፍል ይቀራል፤ የጋሪ ወይም የሌላ መኪና በር ጭረት ቢነካውም የሚላጥ ቀለም አይኖርም። ጉዳቱ ደግሞ እርስዎ በጠየቁት ጥገና ላይ ይታያል። ጎድጉዶ ቢመለስ ቀሪውን ወጣ ገባ በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ቀለም መቀባት አይቻልም፤ የሚሸፍን ቀለም የለምና። የብረቱ ገጽ በአንድ አቅጣጫ የተፋቀ በመሆኑ መዶሻ ያረፈበት ቦታ ብርሃኑን በተለየ አኳኋን ይመልሳል። በመሆኑም ከባድ ግጭት የደረሰበት ክፍል በአብዛኛው በአዲስ ይተካል።

የመግጠሙ ሥራም እንዲሁ ምሕረት የለውም። በጎበጠ አካል ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ብትዛነፍ ዓይን ያልፋታል፤ ሁለት ቀጥታ መስመሮች ሳይገናኙ ሲቀሩ ግን ከመንገድ ማዶ ይታያል። መስክ እ.ኤ.አ. በ2023 ለሠራተኞቹ በላከውና አፈትልኮ በወጣ ደብዳቤ ክፍሎቹ ከ10 ማይክሮን (ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ) ባልበለጠ ልዩነት እንዲሠሩ ያሳሰበው ለዚህ ነበር። መጀመሪያ ላሜራው 3 ሚሊ ሜትር እንደሚሆንና ራሱ አካሉን እንደሚሸከም ተነግሮ ነበር፤ የወጣው መኪና ላሜራ ግን ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ከሥሩም ሌላ አካል አለ። በማርች 2025 ከላይ የጠቀስኳቸው 46,096 መኪኖች የተጠሩት ከፊት መስታወቱ ጎን እስከ ጣሪያው የሚሄደው የአይዝጌ ብረት ክፍል በማጣበቂያ የተያያዘ በመሆኑና በጉዞ ላይ ሊላቀቅ ስለሚችል ነው። በጉዞ ላይ ሊላቀቅ የሚችል ላሜራ ሸክም ይሸከማል ማለት ያስቸግራል።

ወደ አገራችን መምጣቱን በተመለከተ፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ለጋራዥዎ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ወደ እኛ የሚገቡት በአብዛኛው የቻይና ሥሪት ናቸው፤ የቻርጅ ሶኬታቸውም ከሰሜን አሜሪካው የቴስላ ሶኬት ይለያል። ርዝመቱ 5.7 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ወደ 3 ቶን የሚጠጋ ፒክአፕ በመርካቶ መተላለፊያዎች ውስጥ ሲዞር ለማየት እኔም እጓጓለሁ፤ መለዋወጫውን የሚያስመጣው ባለንብረት ግን በጉጉቴ የሚካፈል አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ በፍራንክፈርት ቴስላ በየመንገዱ ሞልቷል፤ ይህን ፒክአፕ ግን በማሳያ ቦታ ካልሆነ አላየሁም። ለምን ይሆን?

መልስ፦ ኩባንያው በአውሮፓ አይሸጠውም። በአውሮፓ የሚሠራበት ደንብ እግረኛን ሊነካ የሚችል የመኪና ውጫዊ ጠርዝ ቢያንስ በ2.5 ሚሊ ሜትር ራዲየስ እንዲከብ ያዝዛል፤ የታጠፈ ጠንካራ ብረት ደግሞ በዚህ ልክ በቀላሉ አይከብም። በብሪታንያም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው፤ በጃንዋሪ 2025 የማንቸስተር አካባቢ ፖሊስ አንድ ሳይበርትራክ መንገድ ላይ አስቁሞ፣ የአገሩን መስፈርት ማሟላቱን የሚያሳይ ሰነድ ስለሌለው በተጎታች ወስዶታል።