ላይኛው ቁራጭ ለምን አልደረቀም?

ውድ ወጣት የጂኦግራፊ መምህራን፣

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ መምህር «የሳተላይት ምስሉን እኔ ላሳያቸው ወይስ ራሳቸው ይነካኩት?» ብሎ ቢጠይቀኝ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ትምህርቱ በመካከለኛው እስያ ስላለው አራል ባሕር ነበር። የጎግል ኧርዝን ታይምላፕስ (የዓመታት የሳተላይት ምስሎችን አከታትሎ የሚያሮጠውን) በፕሮጀክተር ከፈትኩ። ባሕሩ በሰከንዶች ውስጥ ሲሟሽሽ ክፍሉ «ውይ!» አለ። ከኋላ አንዲት ልጅ «ላይኛው ቁራጭ ለምን አልደረቀም?» አለች። «እንደርስበታለን» ብዬ አለፍኳት፤ አልደረስንበትም። የትምህርቱ ልብ ግን እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጠናቀቀው የኮክ አራል ግድብ የሲር ዳርያ ወንዝን ውኃ ወደ ደቡብ ከመፍሰስ ስላስቀረው ሰሜኑ አገገመ፤ የደቡቡ ምሥራቃዊ ክፍል በ2014 ጭልጥ ብሎ ደረቀ። በዚያ ላይ ምስሉ የሚጀምረው ከ1984 ስለሆነ ልጆቹ መድረቁም ያኔ የጀመረ መሰላቸው። ወንዞቹ ለጥጥ መስኖ ተጠልፈው ባሕሩ መጉደል የጀመረው በ1960ዎቹ ነው፤ ያኔ ስፋቱ 68,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ይህን ሰሌዳ ላይ ሳትጽፉ ምስሉን አትክፈቱ።

ከዚያ 1984፣ 2000፣ 2005 እና 2014 ላይ አቁማችሁ ስክሪንሹት አንሱና አትሙት። በመሀል ዙም ከተነካ ስኬሉ ስለሚለወጥ ስፋቱ አይወዳደርም። ሦስት ሦስት ሆነው ዳርቻውን በስስ ወረቀት ይገልብጡ፤ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ካሬ ወረቀት ላይ ደርበው ይቁጠሩ። ግማሽና ከዚያ በላይ የተሸፈነው እንደ ሙሉ ይያዛል። የሚያከራክራቸው ነጩ ጨው ነው፦ ደረቅ መሬት ነው ወይስ ጥልቀት የሌለው ውኃ? ይከራከሩ፤ ብቻ ከመቁጠራቸው በፊት አንድ ደንብ ላይ ይስማሙ።

ኢንተርኔት ቢቋረጥስ የሚለውን ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ።

የዛሬ ልጆች (እናንተም ጭምር፣ አትቀየሙኝ) የማይንቀሳቀስ ምስል አንድ ደቂቃ ማየት አይሆንላችሁም። ወረቀት ያበዛሁት ለዚህ ነው። ግን ያቺ ልጅ ጥያቄዋን ያገኘችው ምስሉ ሲሮጥ እንጂ ሲቆም አይደለም። እንግዲያው መጀመሪያ አንዴ ያለ ማብራሪያ ይሩጥ፤ ግራ ያጋባቸውን ሁሉ ጻፉላቸው። ሲቆጥሩም ሰሜኑንና ደቡቡን ለየብቻ ይሁን፤ የ2005ቱን ሰሜን ከ2014ቱ ጋር ሲያስተያዩ የልጅቷ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል።