ስለ ልብ ቫልቭ፣ ስለ ስትሮክና ስለ ዋርፋሪን፦ ከዘጌ ለጠየቅሽው እህታችን

እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። ማይትራል የሚባለው ቫልቫቸው (በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለው በር) በሩማቲክ ሕመም ጠቧል፣ የልብ ምታቸውም ተዛብቷል ተብለው ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ መጀመራቸውን ጽፈሻል። ኦፕራሲዮንም ተነግሯቸዋል። አንቺ ደግሞ ኦፕራሲዮኑ ራሱ ስትሮክ ያመጣል ወይ፣ ዋርፋሪኑን የደም ምርመራ በማይፈልገው አዲሱ ኪኒን መቀየር ይቻላል ወይ፣ ስትሮክ ቢመጣስ ምን እናድርግ ብለሻል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ታናሽ እህቴ የብረት ቫልቭ ከገባላት ጀምሮ ግን እዚህ ባሕር ዳር መድኃኒቷንም ቀጠሮዋንም የምከታተለው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ስትሮኩ ከየት እንደሚመጣ ልንገርሽ። ቫልቩ ሲጠብ ደሙ ከበላዩ ባለው የልብ ክፍል ውስጥ ይጠራቀማል፣ ክፍሉም እየሰፋ ይሄዳል። ምቱ ሲዛባ ደግሞ ይንቀጠቀጣል እንጂ በደንብ አይጨመቅም። በደንብ ያልተንቀሳቀሰ ደም ይረጋል። ከረጋው ላይ ትንሽ ቁራጭ ተነሥታ ወደ ጭንቅላት ከሄደች የአንጎል የደም ሥር ትዘጋለች። ስለዚህ እናትሽ ገና ኦፕራሲዮን ሳይሆኑም አደጋው አለባቸው። ኦፕራሲዮን ፈርቶ ቤት መቀመጥ ከስትሮክ አያድንም።

ኦፕራሲዮኑ ላይ ምንም የለም አልልሽም። ልብ ሲከፈት የረጋ ደም፣ የካልሲየም ስብርባሪ ወይም አየር ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ይህ ከመቶ ታካሚ ጥቂቱን ያጋጥማል። የሚበልጠው ጉዳይ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። የብረት ቫልቭ ያላቸው ሰዎች ደም ማቅጠኛ ካልወሰዱ በዓመት ከ100 ሰው 4 ያህሉ በረጋ ደም ከባድ ጉዳት ይደርስባቸዋል። ዋርፋሪን ሲወስዱ ቁጥሩ ወደ 1 ይወርዳል። ከእንስሳ የሚሠራው ቫልቭ አብዛኛውን ጊዜ ዋርፋሪን የሚፈልገው ለመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ነው። የእናትሽ ምት እንደተዛባ ከቀጠለ ግን እሱ ቢገባላቸውም ዋርፋሪኑ አይቀርም።

አዲሱ ኪኒን ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ለሌላ ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለእናትሽ ዓይነት ሕመም ግን አይሆንም። በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመው ኢንቪክተስ የተባለ ትልቅ ጥናት ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸውንና ምታቸው የተዛባ ሰዎችን ይዞ ከአዲሶቹ ኪኒኖች አንዱን፣ ሪቫሮክሳባንን፣ ከዋርፋሪን ወገን መድኃኒቶች ጋር አወዳድሯል። ሞት ያነሰው በነዋርፋሪን በኩል ነው። ለብረት ቫልቭም ሌላው አዲስ ኪኒን ዳቢጋትራን ተሞክሮ ነበር። የደም መርጋቱም መድማቱም ስለበዛ ጥናቱ ሳያልቅ ተቋረጠ። ጎረቤት "የእኔ አባት እሱን ነው የሚወስዱት" ቢልሽ፣ የአባቱ ሕመም ሌላ ነው።

ዋርፋሪን ግን ያለ ምርመራ ዋጋ የለውም። ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው የደም ምርመራ ቁጥር አይኤንአር ይባላል። እንደ እናትሽ ላለ ሰው ከ2 እስከ 3፣ ማይትራል ቦታ ላይ የብረት ቫልቭ ላለው ደግሞ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል። ሲወርድ ደሙ ይረጋል፣ ሲያልፍ ይደማል።

እኛ ቤት ቁጥሩን የሚያወዛውዘው ጾም ነው። ሁዳዴ ሲገባ ምሳው ጎመን፣ እራቱም ጎመን ይሆናል። ጎመን ደግሞ ቫይታሚን ኬ ስላለው ዋርፋሪኑን ያዳክመዋል። አንድ ሁዳዴ እህቴ ቡና እየቀዳች ጀበናው ከቀኝ እጇ አመለጠ። "ምነው?" ስላት ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ሄዷል፣ ቃሉም ተኮላተፈባት። ሆስፒታል ሳንደርስ ንግግሯ ተመለሰ፤ ለቀቃት ብለን ግን ከመንገድ አልተመለስንም። ሲቲ ስካኑ (የጭንቅላት ምስል ምርመራው) ላይ መድማት አልታየም፣ አይኤንአሯ ግን 1.6 ነበር። ሐኪሟ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፣ የሚቀጥለው ላይለቅ ይችላል አሉን። ከዚያ ወዲህ ጎመን አልከለከልናትም። በጾምም በፍስክም መጠኑ ተቀራራቢ እንዲሆን ነው ያደረግነው። ጾም ሲያዝና ሲፈታ ደግሞ ምርመራውን ቀደም እናደርጋለን።

ፋርማሲ በሄዳችሁ ቁጥር "ዋርፋሪን ይወስዳሉ" ማለት አትርሱ። ሜትሮኒዳዞል፣ ባክትሪም፣ ሲፕሮ የሚባሉት የኢንፌክሽን መድኃኒቶች አይኤንአሩን ከፍ ያደርጉታል። የቲቢው ሪፋምፒሲን በጣም ያወርደዋል። ለወገብ ሕመም ተብሎ የሚሸጠው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራ ያደማል። ጸበልም ሲሄዱ ኪኒናቸው አብሯቸው ይሂድ። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም።

ስትሮክ ቢመጣ፣ ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር አትጠብቁ። መጨረሻ ደህና የነበሩበትን ሰዓት ያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። አስፕሪን አትስጧቸው። የረጋ ደም ይሁን መድማት ሲቲ ስካን ሳይነሡ አይታወቅም። ትን እንዳይላቸው ምግብም ውኃም ይቆይ። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቶሎ "የቫልቭ ሕመምተኛ ናቸው፣ ዋርፋሪን ይወስዳሉ" በሉ። የረጋውን የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው፣ አይኤንአሩ ከ1.7 በላይ ከሆነ ግን አይሰጥም። ያኔ መሣሪያው ባለበት ቦታ የረጋውን በደም ሥር ገብቶ ማውጣት አለ። ደም ፈሶ ከተገኘ ደግሞ ዋርፋሪኑን የሚያከሽፍ ቫይታሚን ኬና የደም ተዋጽኦ ይሰጣል። ሰሞኑን ትኩሳት ከነበራቸው እሱንም ተናገሩ። ቫልቩ ኢንፌክሽን ይዞት ከሆነ ያ የሚያሟሟው መርፌ አደገኛ ነው።

ዘጌ ስለሆናችሁ ሌሊት የሚመጣላችሁን የጀልባ ወይም የመኪና ሰው ስልክ ከአሁኑ ያዙ። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ለክትትል ስትመጡ፣ ሲቲ ስካኑ ሌሊት ይሠራ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር አጣሪልኝ። ኢኮው (የልብ አልትራሳውንዱ) ላይ ልባቸው ውስጥ የረጋ ደም ታይቷል? ካልታየና ቫልቩ ብዙ ካልተበላሸ፣ ደረት ሳይከፈት በደም ሥር በሚገባ ባሉን (ትንሽ ፊኛ) ቫልቩን ማስፋት ይቻል እንደሆነ ሐኪማቸውን ጠይቂ። የመጨረሻውን የአይኤንአር ቁጥርም እዚሁ ጻፊልን።