«አስጠሊታ» ምን አጥፍታ ነው?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዓሣ ጠብሼ እሸጣለሁ። አንዱ ደንበኛ «አምባዛ እጠላለሁ»፣ ሌላው «ይቀፈኛል» ይለኛል፤ ልጄ ደግሞ «አስጠሊታ ነው» ትላለች። ልዩነት አላቸው ወይስ ሁሉም ያው ነው?

መልስ፦ ያው አይደሉም፤ ሰው ግን ያው እያደረጋቸው ነው።

«ጠላ» በግእዝ «ጸልአ» ነው፤ ትግርኛም እንዲሁ ይለዋል። አማርኛ «ጸ»ን ወደ «ጠ» መለሰና (በጎጃም ገጠር «ጦም»፣ «ጠሎት» ሲባል እንደሚሰማው) የመጨረሻዋን «አ» ዋጣት። በ«መጥላት» ላይ በምትኳ «ት» ገባች፤ «ት»ም ወደ «ች» ተለውጣ «ጥላቻ»ን ሰጠች፣ «መጋባት» «ጋብቻ»ን እንደሰጠው ሁሉ። የምንጠጣው ጠላም ከዚሁ ግስ ወጣ፣ ጠጪን ስለሚያጣላ፣ የሚሉ አሉ። ለጨዋታ ያምራል። ነገር ግን የድምፅ መገጣጠም ዝምድና አይሆንም፤ ትግርኛ መጠጡን «ስዋ» ስለሚለው «ጠ»ው ከ«ጸ» ስለመምጣቱ ከዚያ ወገን ምስክር አይገኝም።

ወደ አምባዛው እንመለስ። «እጠላለሁ» ሲል ባለቤቱ ሰውየው ነው። «አስጠላኝ» ሲል ግን ባለቤቱ ዓሣው፣ ተሳቢው ሰውየው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «ሥራው አስጠላኝ» ማለት ሰለቸኝ ነው። «አለቃዬ ሥራውን አስጠላኝ» ማለት እንድጠላው አደረገኝ ነው። ያቺ «ን» ከወደቀች፣ ዛሬም በየጽሑፉ ትወድቃለች፣ ማን ምን እንዳስጠላ አይለይም።

«ይቀፈኛል» የቆዳ ነው፤ የአምባዛውን ሙልጭልጭ ገላና ጺሙን አይቶ ሰውነቱ የሚሸማቀቅ ሰው ቃል። ቅርፊት የለውም ብሎ በሃይማኖቱ የማይበላው ይጸየፈዋል (ወይም ይጠየፈዋል) እንጂ አይጠላውም። ሳምንት ሙሉ ዓሣ የበላ ደግሞ «አንገሸገሸኝ» ይበል፤ ይህ የጉሮሮ ነው። «ጥላቻ»ን ለሰው ይተዉለት፤ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 «የጥላቻ ንግግር» የተባለውም በሰው ላይ የሚነገረው ነው።

«አስጠሊታ»ን አልወዳትም። «አስጠሊ» እንደ «አስፈሪ» በራሱ ሙሉ ቅጽል ነው። «ታ» የረቂቅ ስም ምልክት ናት፦ ዝምታ፣ ደስታ፣ እርካታ። «አስፈሪታ» የሚል አልተሰማም። «ይሉኝታ»ን ጠቅሰው «ታ» ያገኘችው ላይ ሁሉ ትለጠፋለች የሚሉ ይከራከሩኛል፤ «ይሉኝታ» ግን ያው ረቂቅ ስም እንጂ ቅጽል አይደለም፤ «ይሉኝታ ሰው» አንልም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር አልክድም። «አንቺ አስጠሊታ!» እየሳቁ ይባላል፤ «አንቺ አስጠሊ!» ቢባል ስድብ ነው። ይህን ልዩነት ቃሉ በራሱ ጊዜ አበጅቷል፣ እኔም ልሰርዘው አልችልም። በደብዳቤና በጋዜጣ አይግባ እንጂ በቤት ይነገር። ልጅዎም ጓደኛዋን ስትቀልድባት «አስጠሊታ» ትበል፤ ስለ አምባዛው ግን «ያስጠላል» ይበቃታል።