የጀርመን ቦንብ ፊውዝ በምን ይለያል? ጥያቄና መልስ

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ቦንብና ፈንጂ ፊውዞች የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ። ፊውዝ ስል ቦንቡ መቼ እንደሚፈነዳ የሚወስነውን ዕቃ ማለቴ ነው። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፎቶ ላይ ያየሁት ቦንብ ጎኑ ላይ ክብ ውስጥ 17 የሚል ቁጥር አለው። ምንድን ነው?

መልስ፦ ዋናውን ነገር አይተሃል። የእንግሊዝና የአሜሪካ ቦንቦች ፊውዛቸው ብዙውን ጊዜ ከፊት ወይም ከኋላ ነው። የጀርመኖቹ ግን ጎን ላይ ነው፤ ክብ የብረት ፊቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ዓይነቱን ይናገራል። 15 ከሆነ መሬት ሲመታ የሚፈነዳ ነው። ያንተ 17 ውስጡ ሰዓት አለ፤ ቦንቡን እስከ 72 ሰዓት ሊያቆየው ይችላል። 50 ደግሞ ወድቆ ዝም ይልና ሲነካኩት ይፈነዳል። አንዳንዱ ቦንብ ሁለት የፊውዝ ቦታ ስለነበረው 17 እና 50 አንድ ላይ ይገቡለት ነበር። ሰዓቱ እስኪሞላ 50 ዘብ ይቆማል ማለት ነው። ተንኮሉን አያችሁ?

የእንግሊዝ ቦንብ አምካኞች የቁጥሩን ሥርዓት ደረሱበት። መጨረሻው 5 የሆነው የምት፣ 7 የሰዓት፣ 0 የወጥመድ ነው። ጀርመኖች ለራሳቸው ሥራ ብለው የቀረጹት ቁጥር ለጠላት ጠቀመ።

ጥያቄ፦ ቁጥሩ ከታወቀ ታዲያ አምካኞቹ ለምን አለቁ?

መልስ፦ ቁጥሩ የላዩን እንጂ የሥሩን አይናገርማ። ዙስ 40 የሚባል ወጥመድ ከ17 ሥር ይደበቅ ነበር፤ ፊውዙ ሲመዘዝ ቦንቡ ይፈነዳል። ከውጭ ምንም አይታይም። በጥር 1943 ደግሞ ለንደን ላይ ዋይ (Y) የተባለው ፊውዝ መጣ። መልኩ እንደ ተራው 25 ነው፤ ውስጡ ግን የራሱ ባትሪና የሜርኩሪ ማብሪያ አለው። ቦንቡ ዘንበል ሲል ይፈነዳል። የተሠራው አምካኙን ለመግደል ነው።

ጥያቄ፦ ሌሎቹስ ባትሪ የላቸውም?

መልስ፦ ብዙዎቹ የላቸውም። አውሮፕላኑ ቦንቡን ሲለቅ ቻርጅ ያደርገዋል፤ ኤሌክትሪኩ ካፓሲተር በሚባል ኤሌክትሪክ የሚያከማች ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ የባሕር ፈንጂውስ?

መልስ፦ በኅዳር 1939 ሹበሪነስ በሚባል የእንግሊዝ ጠረፍ አንዱ ጭቃ ላይ ወደቀ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንኑ ጆን ኡቭሪና ጓደኞቹ መግነጢስ በማይስበው መሣሪያ ፈቱት። መርከብ ሳይነካው፣ በመርከቡ ብረት መግነጢስ ብቻ የሚፈነዳ መሆኑ የታወቀው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ሰፈር የሚያስለቅቁን በራሳቸው ቦንብ ነው?

መልስ፦ በአብዛኛው የእንግሊዝና የአሜሪካ ነው። በመስከረም 2017 እዚያው ከተማችሁ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ያስወጣው 1.8 ቶን የእንግሊዝ ቦንብ ነበር። ክብ ውስጥ ቁጥር ብትፈልግበት አታገኝም።

ጥያቄ፦ አያቴ ጓሮ የጣሊያን ጊዜ ቦንብ የሚመስል ነገር ወጥቷል። ቁጥሩን ልላክልዎ?

መልስ፦ በፍጹም! የጣሊያን ከሆነ ይህ የጀርመን ቁጥር አይሠራበትም። የጀርመንም ቢሆን ዙስ 40ን አስታውስ። ለፎቶ እንኳ አትጠጋ፤ ልጆችንና ከብቱን አርቅና ፖሊስ ጥራ።